የተከፈተ፣ የተጎዳ ወይም የተሰረቀ ፖስታ፦ የትኛውን በር እናንኳኳ?

ፖስታው ተከፍቶ የመጣበት ወይም ዕቃው መንገድ ላይ የቀረበት ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ «ፖስታ ቤት ሄደህ ጠይቅ» ይለዋል። ሌላው «እሱ የሻጩ ጣጣ ነው» ይላል። ሦስተኛው ባንክህ ጋ ደውል ሲል፣ አራተኛው ለፖሊስ አመልክት ይላል። እያንዳንዱ ምክር ልክ የሚሆንበት ቦታ አለው። አንዱን መንገድ ይዘን መልስ ስንጠብቅ ግን የሌላው ቀነ ገደብ ያልፋል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልብ እንበል። በፖስታና በኩሪየር (ዕቃ በፍጥነት በሚያደርሱ የግል ኩባንያዎች) ዓለም ውስጥ የመጠየቅ መብቱ በአብዛኛው የላኪው ነው፤ የማጓጓዣውን የከፈለው እሱ ስለሆነ። ማስረጃው ግን ያለው በተቀባዩ እጅ ነው። ካርቶኑን ያየው፣ የተቀደደውን የነካው ተቀባዩ ነው። ሁለቱ በጊዜ ካልተገናኙ መብት ያለው ማስረጃ አይኖረውም፣ ማስረጃ ያለውም መብት አይኖረውም። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው መንገዶች ሁሉ የሚለያዩት ይህን ክፍተት እንዴት እንደሚሞሉት ነው።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ምን ተፈጠረ?

የተከፈተ ፖስታ ሁሉ የተሰረቀ አይደለም። ከውጭ አገር የመጣ ጥቅል በጉምሩክ ሊከፈት ይችላል፤ ይህ በሕግ የተፈቀደ ነው። ብዙ ጊዜ የጉምሩክ ስም ያለበት ፕላስተር ይለጠፍበታል፣ ወይም ውስጡ ወረቀት ይቀመጥለታል። ዕቃው ሙሉ ከሆነ እዚህ ላይ ክስም ካሳም የለም።

ሁለተኛው ዓይነት መንገድ ላይ ተቀዶ ፖስታ ቤቱ ራሱ ያሸገው ነው። ግልጽ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶ፣ «ተጎድቶ ደረሰን» የሚል ማስታወሻ ተለጥፎበት ይመጣል። ይህን ማስታወሻ በፍጹም እንዳትጥሉት። ጉዳቱ እናንተ ቤት ከመድረሱ በፊት እንደነበር አጓጓዡ ራሱ በጽሑፍ ያመነበት ወረቀት ነው።

ሦስተኛው ሆን ተብሎ የተከፈተው ነው። ይህ ዝም ብሎ አይታይም፤ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠይቃል። የፖስታውን መዝጊያ በሰያፍ ወደ ብርሃን ያዙት። አንድ ጊዜ የተለጠፈ ሙጫ አንድ ወጥ መስመር ነው። ተከፍቶ የተለጠፈ ከሆነ ወረቀቱ ይሸበሸባል፣ ሙጫው ከመስመሩ ወጥቶ ያብለጨልጫል፣ ከስሩም የተላጠ የወረቀት ቆዳ ይታያል። ካርቶን ላይ ደግሞ ፕላስተር በፕላስተር ላይ መኖሩን፣ የላይኛው ከታችኛው በስፋት ወይም በቀለም መለየቱን እዩ።

ከሁሉም የሚበልጠው ምስክር ሚዛን ነው። ከውጭ በሚመጣ ጥቅል ላይ ላኪው የሚሞላው የጉምሩክ ቅጽ አለ፤ ሲኤን 22 ወይም ሲኤን 23 ይባላል። ቅጹ ላይ የዕቃው ዝርዝር፣ ዋጋውና ክብደቱ ተጽፏል። ላኪው ከፖስታ ቤት በተቀበለው ደረሰኝ ላይም ክብደቱ አለ። ወረቀቱ 1.240 ኪሎ እያለ ጥቅሉ ዛሬ 0.890 ከመዘነ፣ 350 ግራም መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ጥርጣሬ ካላችሁ ከመክፈታችሁ በፊት እዚያው መስኮቱ ላይ «ይመዘንልኝ» በሉ፤ የተመዘነውም በወረቀት ላይ ይስፈር።

ከመፈረም በፊት ያለችው ደቂቃ

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ይህችን ደቂቃ ማለፍ አትችሉም። ጥቅልን ያለምንም ቅሬታ ፈርማችሁ ከተረከባችሁ፣ አጓጓዡ «በደህና አስረክቤያለሁ» የማለት መብት ያገኛል። የዓለም አቀፉ የፖስታ ደንብም በመርህ ደረጃ እንዲህ ነው፦ ያለ ቅሬታ የተረከበ ሰው ኋላ መጠየቅ ይከብደዋል።

ስለዚህ ከፊርማው ጎን በአጭሩ ጻፉ። «በቅሬታ ተረክቤያለሁ» ብቻ አይበቃም። ያያችሁትን ጻፉ፦ «የካርቶኑ የቀኝ ጎን 10 ሳንቲሜትር ያህል ተቀዷል፤ በሌላ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ውስጡ አልታየም።» መሣሪያ ላይ በጣት የምትፈርሙ ከሆነና መጻፊያ ቦታ ከሌለው፣ አድራሹ ባለበት ጥቅሉን ፎቶ አንሱና በዚያው ቀን ለድርጅቱ በኢሜይል ላኩት። ኢሜይሉ የጽሑፍ ቅሬታችሁ ነው፤ ቀኑም ራሱ ይመሰክራል።

ፎቶ ስታነሱ ስድስቱንም ጎን፣ የአድራሻ መለያውን፣ የመከታተያ ቁጥሩን፣ ፕላስተሩን በቅርበት፣ ከዚያ የውስጡን መሙያ፣ በመጨረሻም ዕቃውን። ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ ካርቶኑንና መሙያውን አትጣሉ። ብዙ አጓጓዦች ማሸጊያውን መጥተው ማየት ይፈልጋሉ፤ ጠፍቷል ካላችሁ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ካሳ የሚከለከልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት «አስተሻሸጉ በቂ አልነበረም» የሚለው ስለሆነ፣ መሙያው የእናንተ ተከላካይ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

መንገዶቹን የማያቸው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። ማን ነው መጠየቅ የሚችለው፣ ላኪ ወይስ ተቀባይ? ስንት ቀን አለኝ? ምን ማስረጃ ይጠይቀኛል? ምን ያህል ይመልስልኛል፣ ሙሉ ዋጋውን ወይስ በኪሎ የተሰላ ጥቂት ገንዘብ? እና ምን ያህል ያደክመኛል? የመጨረሻውን ቀላል አታድርጉት። ለአንድ ቲሸርት ሦስት ወር መመላለስ ለማንም አይመከርም።

ሻጩን ወይም ላኪውን መያዝ

ዕቃውን የገዛችሁት ከሆነ የመጀመሪያው በር ይህ ነው። ብዙ አገሮች ባሉት የሸማቾች ሕግ፣ ዕቃው ገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ ኃላፊነቱ የሻጩ ነው። ሻጩ «እኔ ልኬያለሁ፣ ፖስታ ቤቱን ጠይቅ» ቢል አትቀበሉት። ፖስታ ቤቱን የመጠየቅ መብት ያለው እሱ ነው፤ ውሉን የገባውም እሱ ነው።

በትልልቅ የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ከገዛችሁ የገዢ ጥበቃ የሚባል ነገር አለ፤ ዕቃው ካልደረሰ ወይም ከተበላሸ ገበያው ራሱ ገንዘባችሁን የሚያስመልስበት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ብቻ አስታውሱ። አንደኛ፣ ከሻጩ ጋር የምታወሩት ሁሉ በገበያው የመልእክት ሳጥን ውስጥ ይሁን። ወደ ቴሌግራም ወይም ዋትሳፕ እንውጣ ካላችሁ፣ ገበያው ያላየውን ንግግር እንደ ማስረጃ ላይቆጥረው ይችላል። ሁለተኛ፣ ዕቃውን ሳታዩ «ደርሶኛል» የሚለውን ቁልፍ አትጫኑ። ሻጩ «ትንሽ ታገሱ፣ ይደርሳል» እያለ የጥበቃው ቀን እንዲያልፍ ሊያደርግ ከሞከረም ቀኑ ሳያልቅ አቤቱታውን ክፈቱ። ትዕግሥትና አቤቱታ አብረው መሄድ ይችላሉ።

ላኪው ዘመድ ወይም ጓደኛ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ከእሱ ገንዘብ አትጠይቁም፤ የምትፈልጉት ደረሰኙን ነው። የላከበትን ደረሰኝ ፎቶ በዚያው ቀን ያስልክላችሁ። ብዙ ሰው ዕቃው ከተላከ በኋላ ደረሰኙን ይጥለዋል። ደረሰኝ ከሌለ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ጉዳዩን የሚያስነሳ ክር የለም።

በፖስታ ቤት ማስጠየቅ

ይህኛው መንገድ ቀርፋፋ ነው። ለቤተሰብ ጥቅልና ለሰነድ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ አማራጭ የለም፤ ስለዚህ በደንብ እንየው።

የአገሮች ፖስታ ቤቶች በጋራ ደንብ ይሠራሉ። ደንቡን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1874 የተመሠረተው የዓለም የፖስታ ኅብረት ነው፤ መቀመጫው የስዊዘርላንድ ከተማ በርን ነው፣ አባሎቹም 192 አገሮች ናቸው። በዚህ ደንብ መሠረት ስለ ዓለም አቀፍ ፖስታ ጥያቄ የሚቀርበው ዕቃው ከተላከበት ቀን ማግስት ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። የሚሞላው ቅጽ ሲኤን 08 ይባላል። የአገር ውስጥ ፖስታ ግን በየአገሩ ደንብ ስለሚተዳደር ጊዜው ሊያጥር ይችላል፤ መስኮቱ ላይ ጠይቁ።

የመከታተያ ቁጥሩን እስቲ አንድ ጊዜ ቀረብ ብላችሁ እዩት። 13 ምልክቶች አሉት፦ በ2 ፊደል ይጀምራል፣ 9 አሃዝ ይከተላል፣ በላኪው አገር 2 ፊደል ይዘጋል። ከአሃዞቹ የመጨረሻው ስህተት መፈተሻ ነው፤ ስለዚህ አንዱን አሃዝ አዛብታችሁ ከጻፋችሁ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ አይቀበለውም። የመጀመሪያው ፊደል ግን ዕጣችሁን ይናገራል። «አር» (R) ከሆነ ሪኮማንዴ ነው፣ ማለትም በፊርማ የሚረከብ የአደራ ደብዳቤ። «ቪ» (V) ከሆነ ዋጋው የተነገረና የተመደነ ነው። «ሲ» (C) ከሆነ ጥቅል ነው፣ «ኢ» (E) ከሆነ ኢኤምኤስ ነው፣ ማለትም የፖስታ ቤቶች ፈጣን መልእክት። «ዩ» (U) ከሆነ ቁጥሩ በሙሉ ጉዞው የሚከታተል አይደለም።

ምንም ቁጥር የሌለው ተራ ደብዳቤ ከሆነ በዓለም አቀፉ ደንብ ካሳ የለውም። ማመልከት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ከአንድ መስመር ተደጋጋሚ አቤቱታ ሲመጣ የውስጥ ምርመራ የሚጀመረው በዚህ ነው። መቼ ተላከ፣ ከየት፣ መቼ ደረሰ፣ ምን ጎደለ የሚለውን በአንድ ወረቀት ላይ መዝግቡ፤ ጎረቤትም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ከሆነ አብራችሁ አመልክቱ።

ካሳው ምን ያህል ነው? ደንቡ የሚቆጥረው በኤስዲአር ነው፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት የሂሳብ መለኪያ ሲሆን፣ አንዱ ከአንድ የአሜሪካ ዶላር በተወሰነ ሳንቲም ይበልጣል። ለጠፋ ሪኮማንዴ መነሻው 30 ኤስዲአር ነው። ለጥቅል 40 ኤስዲአር ሲሆን በኪሎ 4.5 ይጨመርበታል። ባለ 3 ኪሎ ጥቅል ስለዚህ 53.5 ኤስዲአር ይሆናል። ይህም ጣሪያ ነው፤ ዕቃው ከዚህ በታች ዋጋ ካለው የሚከፈለው ዋጋው ነው። ውስጡ የነበረው ስልክ የዚህ አሥር እጥፍ ቢያወጣም ለውጥ የለውም። በዕቃው መጥፋት ያመለጣችሁ ሥራ ወይም ትርፍ ደግሞ አይታሰብም።

ካሳ የማይከፈልባቸውም አሉ። አስተሻሸጉ ደካማ ከነበረ፣ የተከለከለ ዕቃ ከተገኘበት፣ በጉምሩክ ከተወረሰ፣ ወይም ከአቅም በላይ የሆነ አደጋ ከደረሰ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። ገንዘብ፣ ወርቅና ጌጣጌጥ ሳይመደኑ በደብዳቤ መላክ ክልክል ነው። ይህን ሳያውቁ የመልካም ምኞት ካርድ ውስጥ ገንዘብ ለሚያኖሩ ሰዎች ልቤ ያዝናል፤ ቢሰረቅ ከፖስታ ቤቱ ካሳ የሚጠይቁበት መንገድ የለም።

የጠፋ ዕቃ ካሳ በመርህ የላኪው ስለሆነ ተቀባዩ ብቻውን ሲመላለስ «ላኪውን አምጡ» ይባላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ላኪው መብቱን በጽሑፍ ለተቀባዩ መልቀቅ ይችላል። ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም፦ «እኔ በቁጥር እንዲህ የተመዘገበውን ጥቅል በዚህ ቀን ልኬያለሁ። ለመጥፋቱ የሚከፈለውን ካሳ ተቀባዩ እንዲወስድ መብቴን ለቅቄያለሁ።» ስም፣ ቀን፣ ፊርማ። ላኪው ወደ ራሱ ፖስታ ቤት ቢሄድ ግን ይበልጣል፤ መዝገቡ እዚያ ይከፈታልና።

በኩሪየር ኩባንያ ካሳ መጠየቅ

የግል ኩሪየር ፈጣን ነው፣ መከታተያውም ዝርዝር ነው። ቀነ ገደቡ ግን ከፖስታ ቤቱ እጅግ ያጥራል። በአየር የተጓዘ ዕቃ ጉዳይ በአብዛኛው የሚዳኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የሞንትሪያል ስምምነት ነው። ለተጎዳ ዕቃ ቅሬታው ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ለዘገየ ዕቃ 21 ቀን ነው። ስልክ ደውሎ መነጋገር አይቆጠርም። ይህ ስምምነት የፖስታ ቤት ዕቃን አይመለከትም፤ ሁለቱን አታደባልቁ።

ጣሪያው በኪሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በኪሎ 26 ኤስዲአር፣ ከዚያ በፊት 22 ነበር። ባለ 3 ኪሎ ጥቅል 78 ኤስዲአር ይሆናል። ከፖስታ ቤቱ ይሻላል፣ የላፕቶፕ ዋጋ ግን አይሆንም። ላኪው ሲልክ ተጨማሪ ከፍሎ ከፍ ያለ ዋጋ ካስመዘገበ ነው ጣሪያው የሚነሳው። የኩባንያው የውል ጽሑፍም ብዙ ጊዜ «ጥያቄ የምንቀበለው ከከፋዩ ነው» ስለሚል፣ ላኪው በ14 ቀኑ ውስጥ እንዲጽፍ ቀስቅሱት።

ካርድ በሰጠን ባንክ በኩል ክፍያ ማስመለስ

በካርድ የገዛ ሰው ከማንም የተሻለ በር አለው። በቪዛና በማስተርካርድ አሠራር፣ ያልደረሰ ወይም ተበላሽቶ የደረሰ ዕቃ ክፍያ በባንኩ በኩል እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። ጊዜው በአብዛኛው 120 ቀን ነው፤ ላልደረሰ ዕቃ የሚቆጠረውም ይደርሳል ከተባለበት ቀን ነው። አንዳንድ ባንኮች በራሳቸው የሚያሳጥሩት አለ። በፔይፓል (የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት) ደግሞ ከከፈላችሁበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ፤ «ለቤተሰብና ለጓደኛ» በሚለው አማራጭ ከላካችሁ ግን ጥበቃው አይሠራም።

የዚህ መንገድ ጉልበቱ ተቀባዩ ራሱ የሚጠይቅበት መሆኑ ነው። ላኪ አትለምኑም፣ በኪሎ የተሰላ ጣሪያም የለም፤ የሚመለሰው የከፈላችሁት ነው። ባንኩ ግን መጀመሪያ ሻጩን መጠየቃችሁን ማየት ይፈልጋል። ሻጩ የመለሰውን ወይም ዝም ማለቱን የሚያሳይ መልእክት፣ የመከታተያው ገጽ ፎቶ፣ የጉዳቱ ፎቶ አያይዙ። ተበላሽቶ ለደረሰ ዕቃ ደግሞ ለመመለስ መሞከራችሁም ሊጠየቅ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ። ከሻጩም ተመላሽ ተቀብላችሁ፣ ከባንክም ብታስመልሱ ሁለት ጊዜ ወስዳችኋል ማለት ነው። ሒሳባችሁ ሊዘጋ፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ሲከፍል ሌላውን ወዲያው ዝጉት።

በሐዋላ ወይም ከባንክ ወደ ባንክ የከፈለ ሰው ይህ በር የለውም። ለማያውቁት ሻጭ እንዲህ መክፈል ለምን እንደማይመከር ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ኢንሹራንስ

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግራ መጋባት አለ። ለጉምሩክ የሚጻፈው ዋጋ ኢንሹራንስ አይደለም። ለጉምሩክ 400 ብሎ መጻፍ ለ400 ተመድኗል ማለት አይደለም፤ ለመድኑ ለብቻው መክፈል ያስፈልጋል። በተቃራኒው ቀረጥ እንዲቀንስ ብሎ ዕቃውን 20 ብሎ ያስመዘገበ ሰው፣ ቢጠፋበት ያ ወረቀት ራሱ ይመሰክርበታል። ለካሳ የሚታየው የተጻፈው ዋጋ ነው። ለምታውቁት ላኪ «ዝቅ አድርገህ ጻፍልኝ» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

የተመደነ ዕቃ ካሳ ፈጣንና ሙሉ የሚሆነው የግዢ ደረሰኝ ካለ ነው። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ የዛሬ ዋጋው ነው የሚታሰበው።

ፖሊስ

ፖሊስ ገንዘባችሁን በፍጥነት አያመጣም። ሆኖም ከፖስታ ሳጥን ወይም ከደጃፍ የተሰረቀ ዕቃ ወንጀል ነው፤ የምታገኙት የማመልከቻ ቁጥር ለኢንሹራንስም ለባንክም ያገለግላል። የማንነት ሰነድ ወይም የባንክ ካርድ ከተሰረቀ ደግሞ ማመልከት የግድ ነው። ኋላ በስማችሁ ብድር ቢወሰድ ከዚያ ቀን በፊት ማመልከታችሁ ይታያል።

በአንድ ገጽ

| መንገድ | ማን ይጠይቃል | የተለመደ ጊዜ | ወሳኙ ማስረጃ | የሚመለሰው | ድካሙ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሻጭ ወይም ገበያ | ገዢ | እንደ ገበያው፤ ብዙ ጊዜ አጭር | ፎቶ፣ በገበያው ውስጥ ያለ መልእክት | ሙሉ ዋጋ ወይም ምትክ | ቀላል |
| ፖስታ ቤት | በዋናነት ላኪ | ለዓለም አቀፍ 6 ወር | የመላኪያ ደረሰኝ፣ ክብደት፣ በቅሬታ የተፈረመ | የተወሰነ ጣሪያ | ከባድ፣ ረጅም |
| ኩሪየር | በዋናነት ላኪ | ለጉዳት 14 ቀን በጽሑፍ | ፎቶ፣ ማሸጊያው ራሱ | በኪሎ፣ ወይም የተመዘገበው ዋጋ | መካከለኛ |
| የካርድ ባንክ | የካርዱ ባለቤት | ብዙ ጊዜ 120 ቀን | ሻጩን መጠየቃችሁ | የተከፈለው ሙሉ | መካከለኛ |
| ኢንሹራንስ | መድኑን የገዛ | እንደ ውሉ | የግዢ ደረሰኝ | እስከ ተመደነው ዋጋ | መካከለኛ |
| ፖሊስ | ማንኛውም ተጎጂ | ወዲያው | ያላችሁ ሁሉ | ገንዘብ የለም፤ ቁጥር ይሰጣል | ቀላል |

ለየትኛው ሰው የትኛው?

ከኢንተርኔት በካርድ የገዛችሁ ከሆነ፦ ሻጩን በመጀመሪያው ቀን ጻፉለት፣ የገበያውን አቤቱታ በዚያው ሳምንት ክፈቱ። ሁለቱም ካልሠሩ ወደ ባንኩ። ፖስታ ቤት ሄዳችሁ አትሰለፉ፤ ያ የሻጩ ሥራ ነው።

መከታተያው «ደርሷል» እያለ እናንተ ጋ ምንም ከሌለ፦ መጀመሪያ የቤት ሰውና ጎረቤት ጠይቁ፣ ከዚያ የርክክብ ማረጋገጫውን አስወጡ። ማን ፈረመ? ፎቶ አለ? ፎቶው ላይ ያለው በር የእናንተ ነው? የሌላ ሰው ፊርማ ወይም የሌላ ቤት በር ከሆነ ጉዳዩ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ከዘመድ የተላከ፣ በገንዘብ የማይተመን ዕቃ ከጠፋ፦ በፖስታ ቤቱ ግፉበት። ካሳው ትንሽ ቢሆንም ጥያቄው ሲከፈት ዕቃው ራሱ የሚፈለግበት ዕድል አለ። አድራሻው የተላጠ ጥቅል ባለቤት አልባ ዕቃ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅጹ ላይ «አልባሳት» ብቻ አትበሉ፤ «አረንጓዴ ሹራብ፣ የእንጨት ቁልፎች ያሉት፣ በቢጫ ወረቀት የተጠቀለለ» በሉ። የሚፈልገው ሠራተኛ በዓይኑ የሚለየው ነገር ስጡት። ለሚቀጥለው ጊዜም ላኪው የሁለቱን አድራሻ በትንሽ ወረቀት ጽፎ ካርቶኑ ውስጥ ያስገባ። ምንም አያስወጣም።

ርካሽ ዕቃ ከሆነና ሻጩ ዝም ካለ፦ አንድ አቤቱታ አስገቡና ተዉት። ቀሪ ጉልበታችሁን ለሌላ ነገር አስቀምጡት።

ከአሁን በኋላ የምትልኩት እናንተ ከሆናችሁ በአቅማችሁ ልክ ምረጡ። ቢጠፋ የማያሳዝን ወረቀት በተራ ፖስታ ይሂድ። ዋናው ቅጂ የሆነ ሰነድ ቢያንስ በሪኮማንዴ ይላክ፤ ጥቂት ጨምራችሁ በርክክቡ ላይ ፊርማ ታገኛላችሁ። ውድ ዕቃ ከሆነ የተመደነ ጥቅል ወይም በሙሉ ዋጋው የተመዘገበ ኩሪየር ነው። ሰነዱ ነገ መድረስ ካለበትም ኩሪየር ይሻላል። ውድ ዕቃን በተራ ጥቅል ልኮ የቆጠቡት ገንዘብ በኋላ ለምልልስ ይወጣል።

ደብዳቤያችሁ በተደጋጋሚ ተከፍቶ የሚመጣ ከሆነ ከካሳው ይልቅ መንገዱን ለውጡ። የባንክ መግለጫ በኢሜይል ይምጣ። ካርድና የይለፍ ቃል ከቅርንጫፉ በአካል ይወሰድ። ቁልፍ ያለው ሳጥን ወይም የፖስታ ሳጥን ቁጥር ተከራዩ።

ከተሰረቀው ውስጥ የባንክ ካርድ ካለበት ካሳውን ተዉትና መጀመሪያ ካርዱን አስዘጉ፤ ይህ የደቂቃ ሥራ ነው። ፓስፖርት ካለበት ለሰጠው መሥሪያ ቤት በዚያው ቀን አሳውቁ። የአገሮች መረጃ ኢንተርፖል (የዓለም አቀፍ ፖሊስ ድርጅት) እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ወደሚያስተዳድረው የጠፉና የተሰረቁ የጉዞ ሰነዶች መዝገብ ሊገባ ይችላል። አንድ ጊዜ «ጠፍቷል» ብላችሁ ያመለከታችሁበት ፓስፖርት ከወር በኋላ በፖስታው ቢመለስላችሁም አትጓዙበት፤ ቁጥሩ ተሰርዟልና ድንበር ላይ ሊያዝባችሁ ይችላል። ወስዳችሁ ለመሥሪያ ቤቱ አስረክቡት፣ በአዲሱም ተጓዙ።